ለናኦል ራስ የቆምንባቸው ቀናት

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አምቦ

«የተጠየቀው አገልግሎት ለመልክ ማሳመሪያ የሚውል በመሆኑ ድርጅታችን ወጪውን አይሸፍንም።»

የመድን ድርጅቱ ሰዎች እንዲህ ብለው ጻፉ። ልጄ ለሊሴ ደብዳቤውን ከጌዶ ይዛ መጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብሁት። ቃሉ ያው ነው። የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ መጥፎ ብይን አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱንም ሽሬያለሁ። እንዲህ ያስቆጣኝ ወረቀት ግን አላስታውስም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስፍር፤ ስቆጣ ቅደም ተከተል ይረዳኛል።

የልጅ ልጄ ናኦል ሰባተኛ ወሩን ጨርሷል። ሲወለድ አንገቱ ወደ አንድ ወገን የተሳበ ነበር፤ ፊቱን ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ ማዞር አይሆንለትም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በዚያው ጎን ይተኛል። አንገቱን እዚሁ አምቦ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እያሳሳበች በትዕግሥት ፈታችው። ራሱ ግን በተኛበት በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ከላይ ለሚያየው ከአንድ ወገን የተገፋ ይመስላል። ቀኝ ጆሮው ወደ ፊት ቀድሟል፤ ግንባሩ በዚያው በኩል ወጥቷል፤ መንጋጋውም መከተል ጀምሯል። አዲስ አበባ ያየው የአጥንት ስፔሻሊስት በግልጽ ነገረን፤ የብዙ ሕፃናት ራስ በራሱ ጊዜ እየተስተካከለ ይሄዳል፣ ለእነርሱ ምንም አያዝም፤ የናኦል ግን ከባድ ስለሆነ በልኩ የተሠራ ሄልሜት ያስፈልገዋል። አጥንቱ ሳይጠና፣ ዓመት ሳይሞላው። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል አለ።

ለሊሴ ጌዶ ላይ በሚሠራ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ድርጅቱ ለሠራተኞቹና ለልጆቻቸው የሕክምና መድን ገብቷል፤ ከደመወዟም በየወሩ ይቆረጣል። እኔ ከኪሴ ልክፈል ብዬ ነበር። ሄልሜቱን የሚሠራው ወርክሾፕ ግን ከግለሰብ አይቀበልም፤ ፕላስቲኩን ከውጭ የሚያስመጣው በተቋም ዋስትና ስለሆነ፣ ከመድን ድርጅቱ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ ካልመጣ ሥራውን አይጀምርም። እንግዲህ በሩ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ተዘጋ።

ለባለቤቴ ለአበራሽ ደብዳቤውን አነበብሁላት። ለማረጋጋት ብዬ «ጸጉር ሲያበቅል አይታይም ብለው ይሆናል» አልኋት።

«አባቱ በሠላሳ ዓመቱ መላጣ ነው! የቱ ጸጉር ነው የሚሸፍነው?» አለችኝ።

ሳልወድ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ መሳቄ አናደደኝ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ለመድን ድርጅቱ ስልክ ደወልሁ። ድምፅዋ ጨዋ የሆነ ወጣት አነሣች። ውይይታችንን እንደ ችሎት መዝገብ አሰፍረዋለሁ።

ፋይሉ ተዘግቷል አለች። ማን ወሰነ? የሕክምና አማካሪያችን። ላነጋግረው እችላለሁ? ከደንበኛ ጋር አይገናኙም። ልጁን አይቶታል? ፋይሉን አይተውታል። ልጁን ነው የጠየቅሁሽ፣ ልጄ። አባቴ፣ አሠራራችን እንደዚያ ነው።

አመስግኜ ዘጋሁ። ያመሰገንሁት ከልማድ ነው።

ያበገኑኝ ነገሮች፦

በታኅሣሥ በመጀመሪያ ሲከለክሉን «አብሮት የተወለደ ጉድለት ነው» አሉ። ሲወለድ ራሱ ደህና እንደነበር የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ስናቀርብ፣ አሁን ደግሞ «ለመልክ ነው» አሉ። ምክንያቱ ሲወድቅ ውሳኔው ቆሞ ይቀራል! አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ምክንያት ፍለጋ ሲዞር ብዙ አይቻለሁ፤ ከሩቅ ነው የምለየው።

ፋይሉ አልተሟላም ብለው የልጁን ጉርድ ፎቶ አስመጡን። የሰባት ወር ሕፃን ጉርድ ፎቶ። ያንንም አደረግን።

ፈራጁ ስም የለውም። በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ከውሳኔዬ ሥር ስሜን ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ሰው በገበያ መሃል እየጠቆመ «ይኸውና የፈረደብኝ» ይለኝ ነበር። እንዲያ መባል ደስ አያሰኝም። ተገቢ ግን ነው።

ማታ ናኦልን ይዤው ተቀመጥሁ። በጆሮው ላይ ያለውን መነጽሬን ሊነጥቀኝ... ጆሮው አልሁ እንጂ የእኔ ጆሮ ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ሐሳቤ የት እንደዋለ እጄ አወጣው።


ረቡዕ፣ የካቲት 6

በጠዋቱ ሚኒባስ ከለሊሴ ጋር አዲስ አበባ ወረድን። ናኦል ከአያቱ ጋር ቀረ። የጻፍሁት ይግባኝ አጭርና ንጹሕ ነበር፤ የሚያስቀይም አንድ ቃል አላስገባሁበትም። በመድን ድርጅቱ አዳራሽ ወንበር ሰጡን። ጠበቅን። ከምሳ በኋላም ጠበቅን። ከሥራ መውጫ በፊት ትናንት በስልክ ያነጋገረችኝ ወጣት መጥታ ይግባኙን ተቀበለችን።

«ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በየሩብ ዓመቱ ነው። የዚህኛው አልፏል። ቀጣዩ በግንቦት ይሆናል።»

ለሊሴ በጣቶቿ ስትቆጥር አየኋት። ግንቦት ላይ ናኦል አሥር ወር አልፎታል። ውሳኔው እስኪጻፍ፣ ደብዳቤው እስኪደርስ፣ ሄልሜቱ እስኪሠራ ዓመቱን ደፈነ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ጊዜ አይሰጥም። አጥንት ነው» አልኋት።

«ይገባኛል አባቴ። እኔ ግን ምን ማድረግ እችላለሁ?» አለችኝ። ዓይኗን ሳየው እውነቷን ነው፤ ምንም ማድረግ አትችልም። እርሷን መቆጣት አልቻልሁም፤ ስለዚህ ቁጣዬን እንደያዝሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሆለታ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም።


ሐሙስ፣ የካቲት 7

ኦቦ ዲንሳ መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከከተማው ዳር ያርሳሉ፤ ከአምቦ እስከ ጌዶ ድረስ ደም ሲፋሰስ፣ ትዳር ሲናጋ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔ በፍርድ ቤት፣ እርሳቸው በዋርካ ጥላ ሥር፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎችን አስተናግደናል። ሰላምታችን እንደ ወትሮው በኦሮምኛ ረዘመ፤ እርሻው፣ ከብቱ፣ ልጆቹ። ከዚያ ናኦልን ተቀብለው ራሱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ምን ይላሉ ሰዎቹ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሦስት ሆነን እንሂድ። እርጥብ ሣር ይዘን እንቁም።»

እምቢ አልሁ።

ምክንያቴን በረጋ ድምፅ ለማስረዳት ሞከርሁ። ሽማግሌ የሚላከው ሰው የማይገባውን ሲሻ ነው፤ የሰውን ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ፣ በደሉን ይቅር እንዲሉት ሲለምን። ይህ ግን ውል ነው። ለሊሴ ድርሻዋን ከፍላለች። የሚገባንን ነገር ሣር ይዘን ከለመንን፣ ከዛሬ ጀምሮ መብት መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተናገርሁ።

ኦቦ ዲንሳ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጥሩ ተናገርህ» አሉ። «ልጁም ሰምቶህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።» ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አሽሟጠውኝ መሄዳቸው ነው። በር ድረስ እንኳ አልሸኘኋቸውም። እንዲህ ያለ ነውር ስፈጽም የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።


ዓርብ፣ የካቲት 8

ለሊሴና አበራሽ ናኦልን ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይዘውት ሄዱ። በመለኪያዋ ራሱን ከግራ ግንባር ወደ ቀኝ ማጅራት፣ ከቀኝ ግንባር ወደ ግራ ማጅራት ለካችው። የሁለቱ ልዩነት ካለፈው ወር ሰፍቷል። አንገቱ ተፈትቶ እያለ! ራሱ ጠፍጣፋ በሆነበት በኩል ስለሚያርፍለት ሲተኛ ወደዚያው ይንከባለላል፤ በተንከባለለ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ለሊሴ ወደ ክፍሌ ገባችና በሩን ዘጋች። ልጅ ሆና ጥፋት ስትሠራ ነበር እንዲህ የምታደርገው፤ ዛሬ ግን ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

«አባዬ፣ ኦቦ ዲንሳን እምቢ ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ትክክል ነህ። ውሉን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ትክክል ነህ። ግን ናኦል ትልቅ ሰው ሆኖ ‹ለምን እንዲህ ሆንሁ› ሲለኝ፣ ‹አያትህ ትክክል ስለነበረ ነው› ብዬ ልንገረው?»

አልጮኸችም።

በባጃጅ ወደ ኦቦ ዲንሳ ቤት ሄድሁ። በረታቸው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት፣ «ሦስተኛችን እንዲሆን ሐጂ ከድርን ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት እንሄዳለን» አሉኝ። ለካስ ትናንት ከቤቴ እንደወጡ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱቅ ነበር የሄዱት።

የሰውን ልብ እንዲህ አስቀድመው ማወቃቸው ራሱ ያበሳጫል።


እሑድ፣ የካቲት 10

ከአምልኮ በኋላ ከጓደኛዬ ከአንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋር ተነጋገርሁ። ሣር መያዙን አልወደደውም። «የድሮ ነገር ነው፤ አንተን የመሰለ ሰው?» አለኝ። ለጸሎት እንደማይሆን፣ የሰላም ምልክት ብቻ መሆኑን አስረዳሁት። «እኔ እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ» አለ። ይጸልይ። የሚከለክለኝ ሰው ባገኝ ግማሽ ልቤ ደስ ይለው እንደነበር ግን አልክድም።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ከድር መጡ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው እዚሁ ወልደው ከብደው ቀሩ። ችግሩ በየካቲት እርጥብ ሣር ከየት ይገኛል የሚለው ነበር። ሜዳው ሁሉ ደርቋል። በመጨረሻ ሑሉቃ ወንዝ ዳር ወርደን፣ ውኃው በሚነካው ጥግ ላይ ጮቆርሳ አገኘን፤ ኦቦ ዲንሳ የሚፈልጉት ሣር ይህ ነው፤ ሥሩ የማይነቀል፣ በምድር ላይ እየተሳበ የሚያድግ። ሦስት ሽማግሌዎች ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃ ውስጥ ቆመን ሣር ስናጭድ፣ ልብስ የሚያጥቡ ወጣቶች ከማዶ ሆነው ሳቁብን።

«ላም ገዛችሁ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ጥጃ ናት፤ አዲስ አበባ ነው ያለችው!» ብለው ሐጂ መለሱለት።

እኔ አልሳቅሁም። ነገ ምን እንደምል እያሰብሁ ነበር።


ሰኞ፣ የካቲት 11

ደክሞኛል፤ ግን ዛሬውኑ ካልጻፍሁት ነገ በቁጣዬ ልክ ይቀየርብኛል።

በቡራዩ በኩል አዲስ አበባ ገብተን ረፋዱ ላይ መድን ድርጅቱ ደረስን። ሦስታችን ነጭ ጋቢያችንን ደርበን፣ ለሊሴ ናኦልን አዝላ። የጥበቃ ሠራተኛው መፈተሻውን ይዞ ኦቦ ዲንሳ እጅ ያለውን ሣር አየና ግራ ገባው።

«አባት፣ ይሄም... ይፈተሻል?»

«ፈትሽ ልጄ። ከእርጥበት በቀር የያዘው የለም።»

አዳራሹ ውስጥ ገብተን መሃል ላይ ቆምን። ወጣቷ አወቀችኝ። «አባቴ፣ እዚያ ወንበር አለ፤ ተቀመጡ» አለችን። ኦቦ ዲንሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እግዜር ይስጥልን። ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም።»

ጮክ ብለው አልነበረም የተናገሩት። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን በሕይወቴ አልረሳም። ወጣቷ መስኮቷ ጋ ተመልሳ ልትቀመጥ ወንበሩን ሳበች፤ እኛን አየችን፤ አልተቀመጠችም። ቆማ ቀረች። ከጎኗ ያለው ባልደረባዋ ቀና ብሎ አየና እርሱም ተነሣ። ወንበር ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ደንበኞች አንድ በአንድ ተነሡ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እንኳ ልትነሣ ስትል ሐጂ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧት። ገንዘብ ያዡ ቆሞ ሲቆጥር ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። ስልክ ይጮኻል፤ የሚያነሣው የለም። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሣር ይዞ ቆሞ እያለ ማን ይቀመጣል?

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ፣ እንዲህ አታሳፍሩን። ቢሮዬ ግቡ፤ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

«እዚሁ ይሻለናል» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ጠባችን ከአንተ ጋር አይደለም። ይህ ሕፃን የጠየቀው ‹ለመልክ ነው› ያለ ሰው አለ። በእኛ ደንብ ቃል የተናገረ ሰው፣ ቃሉን በተናገረበት ሰው ፊት ይደግመዋል። ከደገመው እንከራከራለን። ካልደገመው ቃሉ የለም። እርሱን ጥራልን።»

በዚህ ጊዜ ነው የገባኝ። ሽማግሌው ሊለምኑ አልመጡም። ችሎት ሊያስችሉ ነው የመጡት። ሐሙስ ዕለት ያን ሁሉ ንግግር ያደረግሁላቸው ሰውዬ፣ እኔ በስልክ የጠየቅሁትን ነገር፣ ማለትም ፈራጁ ይቅረብ የሚለውን፣ በራሳቸው መንገድ እየጠየቁ ነበር።

«አማካሪያችን ከደንበኛ ጋር አይገናኙም፤ አሠራሩ...» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እኛ ደንበኛ አይደለንም» አሉ ሐጂ ከድር። «ሽማግሌ ነን።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁንም ዋጠው። ሥራ አስኪያጁ የቆመውን አዳራሽ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ራሱ ደረጃውን ወጥቶ አማካሪውን ይዞት ወረደ።

ወጣት ነው፤ ከለሊሴ ብዙም አይበልጥም። ለሊሴ ናኦልን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ኮፍያውን አውልቃ ዘረጋችለት። ሊቀበል አልፈለገም፤ ግን የተዘረጋ ልጅ ምን ይደረጋል? ተቀበለው። ናኦል ከአንገቱ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ያዘበት። ሐኪሙ መዳፉን ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ማጅራቱ አሳለፈ። መዳፉ ቆመ። ተመለሰ፤ እንደገና ዳሰሰ። ልጁን ዝቅ አድርጎ ከአናቱ በላይ አየው። ሁለቱን ጆሮዎች በሁለት ጣት ያዘ።

«ፋይሉን አምጡልኝ» አለ።

አመጡለት። ገልጦ አንዲት ጉርድ ፎቶ አሳየን። «የስፔሻሊስቱን ደብዳቤ አንብቤ ነበር» አለ። «ይህን ፎቶ ሳየው ግን ሐኪሙ ያጋነነ መሰለኝ። ይህ ራስ... እንደዚህ አይደለም። ቃሌን አልደግመውም።»

ፎቶውን ተቀብዬ አየሁ። ናኦል ቀጥ ብሎ፣ ክብ ፊት ይዞ፣ ሊስቅ የተዘጋጀ። አምቦ ያለው ፎቶ አንሺ ያነሣው ነው። ከጀርባው ፎጣ ጠቅልሎ ራሱን ደግፎት፣ መብራቱን ወደ ጎን አዙሮት፣ ሲጨርስ «አሳምሬ ነው ያነሣሁት፤ ማንም አያውቅበትም!» ብሎን ነበር። እኛም አመስግነነው ወጣን። ደግ ሰው ነው።

ጠፍጣፋ ራስ ከፊት ለፊት በተነሣ ጉርድ ፎቶ ይፈረድበታል! ማንም ከጎን አንሡት አላለንም፤ ማንም ልጁን አምጡት አላለንም። ጉርድ ፎቶ ያሉት ፋይል ሁሉ ጉርድ ፎቶ ስላለው ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ እንደሚጠየቀው ሁሉ። ወጣቱን ሐኪም ቢያንስ ፊቴ ቆሞ ስህተቱን ስለተናገረ አከብረዋለሁ። ሌላውን ግን ማንን ልቆጣ? አሠራር የሚባል ነገር ፊት የለው፣ አንገት የለው።

ሥራ አስኪያጁ ዋስትናውን ወዲያው አስጻፈ። አነበብሁት። «በልዩ ሁኔታ፣ ለአባቶች ክብር ሲባል» ይላል።

«ይህን ቃል አውጡልኝ» አልሁ። «እኔ ክብር አልጠየቅሁም። ለልጁ በውሉ የሚገባው ነው፤ እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ።»

«ተፈቀደልዎ እኮ አባቴ!» አለ ግራ ተጋብቶ።

«እርሱን ነው የምልህ፤ ፈቃድ አይደለም...»

ኦቦ ዲንሳ ጋቢዬን ያዙኝ። «ገመቹ፣ ገአ።» ይብቃህ ማለታቸው ነው።

ደብዳቤውን እንዳለ ተቀበልሁ። ኦቦ ዲንሳ ሣሩን ለሥራ አስኪያጁ ሰጡት፤ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ የት እንደሚያኖረው ግን አላወቀም። ከዚያ ሦስታችን ተቀመጥን። አዳራሹም አብሮን ተቀመጠ፤ የወንበሮቹ ድምፅ እንደ ዝናብ ነበር።

ስንመለስ ኦቦ ዲንሳ አፋቸውን ከፍተው እስከ አምቦ ተኙ። ለሊሴ ደብዳቤውን ከጡቷ ሥር ሸጉጣ በየመንገዱ ትዳብሰው ነበር። ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ውስጥ ግን እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር አለ።


ረቡዕ፣ የካቲት 13

ወርክሾፑ ደብዳቤውን ተቀብሎ ዛሬ ልኩን ወሰደ። የናኦልን ራስ በስስ ካልሲ አልብሰው፣ በጀሶ ፋሻ ጠቀለሉት። አለቀሰ ማለት ያንሳል። ለሊሴ እጆቹን ይዛ ትዘምርለታለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። እኔ ውጭ ልውጣ አልሁና አልወጣሁም። ጀሶው ሲደርቅ በመቀስ ከፍተው አወለቁት፤ ባዶውን ቅርፅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ያለ ጸጉር፣ ያለ ዓይን፣ ያለ ፈገግታ፣ ራሱ ብቻ። ጉድለቱን እንዲህ አጥርቼ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስንት ወር እንደሚያደርገው ጠየቅሁ። እስኪስተካከል ወይም እስኪጠብበው አሉ። ይስተካከላል? ቃል አንገባም አሉ፤ በጊዜ ግን ደርሳችኋል። ይህን ሐቀኝነት ወደድሁት።

ማታ የመድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤቱታ መጻፍ ጀመርሁ። ስለ ናኦል አይደለም፤ እርሱ ተፈጽሞለታል። ሕፃን ሳይታይ ስለሚዘጋ ፋይል፣ ስም ስለሌለው ፈራጅ፣ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ስለሚሰበሰብ ይግባኝ። አበራሽ ከትከሻዬ በላይ አንብባ «ቁጣህን ቀንስለት፤ ያኔ ያነቡታል» አለችኝ። ሁለት አንቀጽ ሰረዝሁ። አንዱን መልሼ ጻፍሁት።


ሐሙስ፣ የካቲት 21

ሄልሜቱ ማክሰኞ ዕለት ደረሰ። ነጭ ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ስፖንጅ፣ በጎኑ ማሰሪያ። ገላውን ሲታጠብ ካልሆነ በቀር ቀንም ሌሊትም ከራሱ አይወርድም። የመጀመሪያው ሌሊት ሲኦል ነበር፤ ላቡ፣ ልቅሶው፣ የለሊሴ ልቅሶ። ዛሬ ግን ተላመደው መሰለኝ፤ ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨው የሚወጣው ድምፅ ደስ ብሎታል፤ ሆን ብሎ ይደግመዋል። የሰፈሩ ልጆች «ሞተረኛው!» ይሉታል። አበራሽ ልትቆጣቸው ወጥታ እርሷም ስቃ ገባች።

ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የሴት ድምፅ ነው። የምትናገረው ከእንጭኒ ነው፤ የለሊሴ መሥሪያ ቤት እዚያ ባለው ካምፕ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ወሬውን ከሠራተኞች ሰምታ ቁጥሬን አፈላልጋ ነው። ሴት ልጅ አለቻት፤ ራሷ እንደ ናኦል ነው፤ ያው ሐኪም ያንኑ አዞላታል፤ ያው ድርጅት «ለመልክ ማሳመሪያ» ብሎ መልሷታል።

«ስንት ወሯ ነው?» አልኋት።

«ዘጠኝ ሞላት፣ ጋሼ።»

ይግባኝ ማስገባት እንደምትችል ልነግራት ጀመርሁና ተውሁት። ግንቦትን አሰብሁ። ፎቶዋ እንዴት እንደተነሣም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ነው የተፈታው ይላሉ» አለች። «እኔ ከደቡብ ነው የመጣሁት። ወላጆቼ ሩቅ ናቸው። የሚቆምልኝ ሽማግሌ የለኝም። ምን ላድርግ?»

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ለምን እንደቆረቆረኝ በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ለእኛ ክብር ተብሎ የተሰጠ ነገር፣ ክብር ያለው ዘመድ ለሌላት አይደርስም። ይኸው ደወለች። በስም የማላውቃት ሴት ስልኩን ይዛ ትጠብቀኛለች። መልሼ እደውልልሻለሁ አልኋት፤ ስሟን ጠየቅሁ፤ ዘይነባ ናት።

አቤቱታዬ በጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ገና አላለቀም፤ ቢያልቅም መልሱ መቼ እንደሚመጣ እግዚአብሔር ያውቃል። ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ደወልሁ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራሁላቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ከየት አገር?»

«እርሱንም አላውቅም። ከደቡብ ነኝ ነው ያለችኝ።»

ከበስተኋላቸው ጥጃ ሲጮኽ ይሰማል። የሚሰበስቡት እህል፣ የሚጠብቃቸው ሌላ ጠብ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሁሉ ታወሰኝና፣ መደወሌ ጸጸተኝ።

«ስንት ሰዓት እንነሣለን?» አሉ።